ሳላልፍ ያመሰገንኩበት ፈተና

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ወጥቻለሁ። ፓስተር አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ካበዛሁ ኮቴን ጎተት ያደርጉኛል። በእጄ የያዝኩትን ፌስታል እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆዩ፣ በኋላ አወጣዋለሁ።

ሄኖክ እባላለሁ። እዚሁ አዳማ በአንድ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ክፍል ለሂሳብ ሠራተኞች አስጠናለሁ። ብዙዎቻችሁ "ያ ፈተናውን ያለፈው ልጅ" ትሉኛላችሁ። ወገኖቼ፣ አላለፍኩም። ስድስት ጊዜ ተፈትኜ ስድስት ጊዜ ወድቄያለሁ። ጌታ ይባረክ። "አሜን" ለማለት አፋችሁ እንደተያዘ ይገባኛል፤ እኔም ይህቺን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የድሮውን ሄኖክ ላስተዋውቃችሁ። ቤተሰቦቼ ከሰሜን ሸዋ መጥተው እዚህ የከተሙ ኦርቶዶክሶች ናቸው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ብዙ የማይናገር ሰው። የሚናገረው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ካርድ ሲሰጥ። ያን ቀን ካርዴን ኪሱ ከትቶ ሰፈሩን ይዞራል። ለባለሱቁ ያሳያል፣ ለልብስ ሰፊው ያሳያል፣ ቤት ሲገባ ጭንቅላቴን ያሻሸኛል። አንድ ዓመት ሦስተኛ ወጣሁ። ካርዱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። አልተቆጣም፣ አልመከረም፣ ምንም አላለም። ያቺ ዝምታ ናት ያሳደገችኝ።

ጌታን የተቀበልኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ተጠመቅኩ፣ ዘመርኩ፣ በኋላም ምህረትን አገባሁ። ክብር ለስሙ ይሁን። ግን አሁን ሳስበው ጌታንም የማየው እንደ አባቴ ነበር። ካርድ ይዤ ስገባ ደስ የሚለው፣ ባዶ እጄን ስገባ ዝም የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ፈተናው ልግባ። የእኛ ሙያ ከዲግሪ በኋላ ሌላ ዳገት አለው። ብዙ ፔፐር ነው፤ አንዱን ስታልፍ ሌላው ይጠብቅሃል፤ ሁሉንም ስትጨርስ ነው ሙሉ ባለሙያ የምትባለው። የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፣ በኮምፒውተር። ውጤቱ ቆይቶ በኢሜይል ይመጣል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። እኔ ሌሎቹን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተፈትኜ ጨርሼ አንዷ ቀረችኝ፤ ኦዲት። መጀመሪያ አርባ አራት አመጣሁ። ደንግጬ ነው አልኩ። ሁለተኛ አርባ ሰባት። ከምህረት በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛውን ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ የወሩ መጨረሻ እሁድ ደረሰ። ያን ቀን የምስጋና ወረቀት እንደምንሰበስብና መድረክ ላይ እንደሚነበብ ታውቃላችሁ። የወለደች ትጽፋለች፣ ሥራ ያገኘ ይጽፋል፣ ከሕመም የዳነ ይጽፋል። እኔ ያን ሳምንት ስጾም ከርሜ ነበር። "እምነት ማለት ሳያዩ ማመስገን አይደል እንዴ?" ብዬ ራሴን አሳመንኩና "ጌታ የሙያ ፈተናዬን ስላሳለፈኝ" ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ይህቺ ስህተት የኛ ቤት ስህተት ናት። ሌላ ቦታ ሳያልፍ "አለፍኩ" ያለ ሰው ዋሸ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን እምነት ተብላ ነጠላዋን አጣፍታ ትገባለች። ማንም አልገፋፋኝም። የራሴ ናት።

ሲነበብ እንዴት እልል እንዳላችሁ ታስታውሳላችሁ። መዘምራን ተነሡ፣ መድረክ ላይ ወጣሁ፣ እናቶች ግንባሬን ሳሙኝ። በሳምንቱ ወጣቶቹ የግድግዳ ሰዓት ይዘው ቤት መጡ፤ ጠርዙ ወርቅማ፣ መሃሉ ላይ ጥቅስ ያለበት። ከዚያ ኢሜይሉ መጣ። አርባ ስድስት።

ምህረት "እሁድ ተናገራ" አለችኝ፣ ቀለል አድርጋ። "በሚቀጥለው አልፍና እውነት ይሆናል፤ እስከዚያ ማን ይጎዳል?" አልኳት። ሰዓቱን ሳሎን ሰቀልነው። ባትሪ ገዝቼ ስመጣ ግን ከእጄ ወሰደችውና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ሰዓቱ ላለፈ ሰው የተሰጠ ነው። ስታልፍ ይሠራል" አለችኝ። ከሱቅ እንደመጣ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። እንግዳ ቀና ብሎ ሲያይ "ባትሪው አልቆ ነው" እላለሁ። ምህረት ወደ ጓዳ ትገባለች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ጌታ የሰጠህን አካፍል፣ በዚህ ፈተና የተቸገሩ ብዙ ናቸው አሉኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ጥናቱ ተጀመረ። ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ይቀመጣሉ። ሌላውን ፔፐር ከልቤ አስተምራለሁ፤ ኦዲት ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን ብቻ አነብላቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ገቡ። ረጅም፣ ደልደል ያሉ፣ ሃምሳን ያለፉ። አዴ ኡርጌ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ከዓለም ጤና ከተማ ሞጆ ላይ መኪና ቀይረው ነው የመጡት። እዚያ በአትክልት አምራቾች ማኅበር ውስጥ ሃያ ዓመት ሂሳብ ሠርተዋል። ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተው ሲጨርሱ "አሁን ተራው የኔ ነው" ብለው መማር ጀመሩ፤ ሌላውን ፔፐር ጨርሰው ኦዲት ቀርቷቸዋል። የኔን ምስጋና የነገረቻቸው እዚህ መዘምራን ውስጥ የምታገለግለው የእህታቸው ልጅ ናት። የሕፃናት ወንበሩን አዩት፣ ራሳቸውን አዩት፣ ሳቁና ያን ቀን ቆመው ተማሩ። በሳምንቱ ከዓለም ጤና የራሳቸውን የእንጨት ዱካ ሚኒባስ ላይ ጭነው መጡ። ለምህረትም አንድ ከረጢት ሽንኩርት።

አሁን አዴ ኡርጌ እንዴት እንደሚወድቁ ልንገራችሁ፤ እኔ እንደሳቸው መውደቅ የሚችል ሰው አላየሁም። የመጀመሪያውን ተፈትነው ውጤት የመጣ ሳምንት፣ ሁላችን "ዛሬስ አይመጡም" ብለን ነበር። ከሁሉ ቀድመው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው "ወድቄያለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ነው ያመጣሁት" አሉና ደብተራቸውን ገለጡ። ከፈተና ሲወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፤ እሳቸው ደብተር ያወጣሉ። ያልመለሱትን ጥያቄ ሳይረሱት እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ይጽፉታል። ቅዳሜ ይዘውት ይመጡና "ቲቸር፣ ይቺ ናት የጣለችኝ። ዛሬ ደግሞ እኔ ልጣላት" ይሉኛል። ሁለተኛውን አርባ ሦስት አመጡ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸው "አምስት ጨምሬያለሁ" ብለው ማስቲካ አደሉን። ጌታ ይመስገን፣ እንዲህም ዓይነት ሰው ፈጥሯል።

እኔስ? እኔ በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ ተደብቄ ተፈትኛለሁ። መሥሪያ ቤት "የሐኪም ቀጠሮ አለኝ" ብዬ፣ ተማሪዎቼ ጠዋት ስለሚፈተኑ የከሰዓቱን መርጬ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ። አርባ ስምንት። ከዚያ አርባ ዘጠኝ። አንድ ነጥብ፣ ወገኖቼ። ያን ቀን ኢሜይሉን ዘጋሁና በቃ አልኩ። በሚቀጥለው ዙር አልተመዘገብኩም። ሰው ሁሉ አጨብጭቦልኛል፤ ከዚህ በላይ ለማን ልለፍ? ውሸቷ የወሰደችብኝ ይህን ነው። ስሜንማ አላጎደለችብኝም፣ እንዲያውም ጨመረችልኝ። የወሰደችብኝ የምነሣበትን ምክንያት ነው። መውደቄን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ "ተነሥ" ይለኛል?

አዴ ኡርጌ ሦስተኛውን ወድቀው የመጡ ቅዳሜ የሰርግ ወር ነበር። ተማሪው ሁሉ ሰርግ ሄዶ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። እውነቱን ልናገር፣ ጥናቱን ለመዝጋት ሰበብ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። "አዴ፣ ዛሬ ይመለሱ" ልላቸው ስል ተቀመጡ።

"አርባ ሰባት" አሉኝ። "ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው የሳትኩት። አስረዳኝ።"

መጽሐፉን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ኦዲተር ሁሉንም ሰነድ አያይም፤ ከብዙው ጥቂት መርጦ ያያል፤ ምርጫውን ከሳተ ሁሉም ይበላሽበታል። ትንሽ አዳመጡኝና ሳቅ አሉ።

"ቲቸር፣ ይህማ የሽንኩርት ነገር ነው። እኛ ጋ ገዢ ሲመጣ ማዳበሪያው አፍ ላይ ያለውን አያይም። ከላይ ያለውን ማንም ያሳምረዋል። እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ከመሃል ነው የሚያወጣው። የተበላሸው ያለው እዚያ ነው።"

ልክ ነው አልኳቸው። ማርከሩን አስቀመጥኩ። እሳቸው የሽንኩርት ነገር ነው ያወሩት፤ እኔ ግን እጃቸው ገብቶ ከመሃል ያወጣኝ መሰለኝ። የሕፃናቱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

"አዴ፣ እኔ አላለፍኩም" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የምስጋናውን ወረቀት፣ ሰዓቱን፣ አርባ ዘጠኙን። በእኔ ምስክርነት ተማምነው ሦስት ጊዜ መንገድ ለመንገድ ተንከራተቱ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

ደብተራቸውን ዘጉት። "አውቃለሁ" አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ነገሩኝ። ሁለተኛውን የተፈተኑ ቀን፣ ጠዋት ጨርሰው ከፈተናው ቤት ማዶ ቁጭ ብለው እንደ ልማዳቸው ጥያቄዎቻቸውን ሲጽፉ፣ እኔ ኮፍያ አድርጌ መጣሁ። መታወቂያዬንና የፈተና ወረቀቴን ለጥበቃው ሳሳይ አዩኝ። ጨረስኩ ያለ ሰው እዚህ ምን ቀረው ብለው አሰቡ፤ ገባቸው።

"ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?" አልኳቸው።

"ኮፍያ ያደረገ ሰው ይጠራል እንዴ?" አሉኝ።

ይህን ካዩ በኋላ እንዴት ከእኔ ጋ መማር ቀጠሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ።

"ያስቀጠለኝማ እሱ ነው። ያቺ የምስጋና ወረቀትህ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች? ያለፈ ሰው ሞልቷል። እኔ ያየሁት፣ ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት፣ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም የማይጠይቀው ሰው ወድቆ እንደገና በዚያ በር ሲገባ ነው። እስክትወጣ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኩህ፣ እየጸለይኩልህ። ሦስተኛውን ለመፈተን የተነሣሁት አንተን አይቼ ነው። እሱንም ጠዋት ጨርሼ እዚያው ቦታ ቁጭ አልኩ። ከሰዓት ሁሉም ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አልመጣህም።"

ወገኖቼ፣ "አልመጣህም" ሲሉኝ አለቀስኩ። የሕፃን ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርዴን ሊያይ ሳይሆን እኔን ሊያይ በር ላይ የጠበቀኝ ሰው ተገኘ። መውደቄን እያወቁ ነው የጠበቁኝ። ያዘኑብኝም ስለወደቅሁ አይደለም፤ ስለቀረሁ ነው። ጌታ እንዲህ ነው ማለት ነው አልኩ በልቤ። እኔ ውጤት እስክይዝለት ፊቱን ያዞረ ሲመስለኝ፣ እሱ ለካ ማዶ ቁጭ ብሎ በሩን እያየ ነበር። ሃሌሉያ! ጌታን የተቀበልኩት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱ እኔን እንደተቀበለኝ የገባኝ ግን ያን ቅዳሜ ነው።

አዴ ኡርጌ አላባበሉኝም። ትከሻዬን ጠፍጠፍ አደረጉና "ጀባዹ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ በርታ ማለታቸው ነው። "አሁን ተነሥና ናሙናውን ጨርስልኝ፣ መኪና ያመልጠኛል።"

በማግሥቱ ፓስተር ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስጋናው መድረክ ላይ ተነቧል፣ እዚያው ይስተካከል አሉኝ። ልክ ነው አልኩ። ግን ተንኮሌ አላለቀም ነበር። እባክዎ አንድ ጊዜ ልፈተን፣ ከአዴ ኡርጌ ጋ አብረን ተመዝግበናል፤ ሳልፍ ውሸቱንም ድሉንም በአንድ ቀን እናገራለሁ አልኳቸው። ፓስተር ፈገግ ብለው "አሁንም ካርድ ሳትይዝ አልገባም ነው የምትለው?" አሉኝ። አላስገደዱኝም።

አብረን ሄድን። በጠዋቱ ዙር፣ ያለ ኮፍያ። ስንወጣ ማዶ ተሻግረን ጎን ለጎን ቁጭ አልንና ደብተራችንን አወጣን። እሳቸው የጣላቸውን ይጽፋሉ፣ እኔ የጣለኝን እጽፋለሁ። መንገደኛው እያየን ያልፋል። እመኑኝ፣ ከፈተና ወጥቼ ሰላም የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በፊት መጣ። አዴ ኡርጌ ሃምሳ ሦስት! ቆዩ፣ እልልታውን ትንሽ ቆጥቡልኝ። እኔ አርባ አምስት። ከአርባ ዘጠኝ ወርጄ አርባ አምስት። ከውሸቱ ጋ ይዤው የምወጣው ድል የለም። ምህረት ሻይ እያቀረበች "አሁንስ?" አለችኝ። በወሩ መጨረሻ እሁድ እናገራለሁ አልኳት። ስኳሩን አቀበለችኝና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የእኔ እመቤት ሁለት ዓመት ያቺን መሳቢያ ጠብቃለች፤ አንድ ቀን አልጮኸችብኝም፣ አንድ ቀንም አብራኝ አልዋሸችም። ጌታ ይባርካት።

የአዴ ኡርጌ የእህታቸው ልጅ ለዛሬ የምስጋና ወረቀታቸውን ልትጽፍላቸው ስትል "የቲቸር ሳይነበብ የኔ አይነበብም" ብለዋታል። ስለዚህ የኔ ይቅደም፤ ራሴ ላንብበው። "ጌታ ሆይ፣ ስድስተኛውንም ወድቄያለሁ። በሩ ማዶ የሚጠብቁኝን እናት ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። ለሰባተኛው ተመዝግቤያለሁ።" ይኸው ነው። ይህቺኛዋ እውነት ናት። እልል ያላችሁልኝ ወገኖች፣ የሳማችሁኝ እናቶች፣ ከኪሳችሁ አዋጥታችሁ ሰዓት የገዛችሁልኝ ወጣቶች፣ አታልያችኋለሁና ይቅር በሉኝ።

እዚህ መካከል የወደቀ ሰው አለ። መንጃ ፈቃድ ይሁን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይሁን፣ ሥራ ይሁን፣ ትዳር ይሁን፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኮፍያ አድርጋችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ረጅም ጊዜ አድርጌዋለሁ። አውልቁት። ጌታ ውጤታችሁን እየጠበቀ አይደለም፤ እናንተን እየጠበቀ ነው። በእሱ ታመኑና በበሩ ግቡ። ጥናቱም አልተዘጋም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ክፍት ነው። የሚያስጠናችሁ ስድስት ጊዜ የወደቀ ሰው ነው፤ ኦዲትን ግን ከእንግዲህ ያለፉት አዴ ኡርጌ ያስረዷችኋል፤ እሺ ብለውኛል። ዱካ ማምጣት ይቻላል።

ፓስተር፣ ጨርሻለሁ። ፌስታሉን ልክፈተው። ወጣቶች፣ ሰዓታችሁ ነው፤ ላለፈ ሰው ብላችሁ ነበር የገዛችሁት። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ባለቤቱ ጋ ደርሷል። አዴ ኡርጌ፣ እባክዎ ይምጡልኝ፤ አሁን እልል በሉ፣ ወገኖቼ! ምህረት ዛሬ ጠዋት ያቺን ባትሪ ከመሳቢያው አውጥታ አስገብታበታለች። ዝም በሉና ማይኩን ላስጠጋው። ስሙት፣ ይሠራል።